ልጅዎ «ፊልም ነው የምማረው» ሲልዎት

የኮሌጅ መልስ የሚመጣበት ወቅት ደርሷል። ደብዳቤው ዛሬ በኢሜይል ቢመጣም ጭንቀቱ ያው ነው። ድሮ በዚህ ወቅት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች «ነርሲንግ ይሻላል ወይስ ፋርማሲ?» የሚሉ ነበሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ እየተደጋገመ መጥቷል፤ «ልጄ ፊልም ነው የምማረው አለኝ፣ ምን ልበለው?»

ዘንድሮ ከደረሱኝ መካከል የአንዲት የሜሪላንድ እናት መልእክት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ልጃቸውን ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ ካሊፎርኒያ የሚገኝ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሌላው እዚሁ ያለ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ። «ልጄን ተስፋ ላስቆርጣት አልፈልግም። ሃያ ዓመት የለፋንበትን ቤት አስይዤ መበደር ደግሞ ያስፈራኛል። አባቷ ጭራሽ የፊልምን ስም መስማት አይፈልግም» ይላሉ። ለእኚህ እናት የምመልሰው ለብዙዎቻችሁ ስለሚሆን የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሳቸው ሰጥቻለሁ።

ከአባትየው ልጀምር፤ የብዙዎቻችንን ልብ የሚናገሩት እሳቸው ናቸውና። «ፊልም ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው» የሚል አባት መፍራቱ ትክክል ነው፤ የሚሰጠው ምክንያት ግን ትክክል አይደለም። ፊልም ሥራ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሚያወጣው አኃዝ የፕሮዲዩሰሮችና የዳይሬክተሮች መካከለኛ ደመወዝ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። የኤዲተሮችና የካሜራ ባለሙያዎች ደግሞ ወደ 70 ሺህ ይጠጋል። «ኮምፒውተር ተማሪ፣ እሱ ይሻልሻል» የሚለው ምክርም እንደ ድሮው ዋስትና የለውም። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ2025 ባወጣው ሰንጠረዥ ኮምፒውተር ሳይንስ ከጨረሱ አዲስ ምሩቃን መካከል ሥራ ፈላጊው ከመቶ ስድስት ያህል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቻችን ይህን 80 ሺህ ከኢንተርኔት አውጥተው ያሳዩናል። ታዲያ 80 ሺህው የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ቆጠራ ደመወዝተኛውን እንጂ በግሉ የሚሠራውን አይጨምርም፤ በፊልም ዓለም ደግሞ በግሉ ከሥራ ወደ ሥራ የሚዘዋወረው ብዙ ነው። ከዚያም በላይ፣ የተቆጠሩት በሙያው የቀሩት ብቻ ናቸው። ፊልም ተምሮ አሁን ባንክ ቤት የሚሠራው ሰው የሚገኘው በባንክ ሠራተኞች ሰንጠረዥ እንጂ በዳይሬክተሮች ሰንጠረዥ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ያ ቁጥር ልጅዎ በ22 ዓመቷ ምን እንደምታገኝ አይነግርዎትም።

በ22 ዓመቷ የምታገኘው ሥራ ብዙውን ጊዜ «ፕሮዳክሽን አሲስታንት» ይባላል። ስሙ ያምራል። ሥራው ገመድ መጠቅለል፣ ቡና ማምጣት፣ መንገድ ላይ ቆሞ «ቀረጻ ላይ ነን፣ ትንሽ ይታገሱን» ማለት ነው። እኛ ሠፈር ተላላኪ የምንለው ነው፣ ሌላ አይደለም። ክፍያው በወር ሳይሆን በቀን ነው። ለምሳሌ ለ12 ሰዓት ቀን 200 ዶላር ይከፈላታል እንበል። በዓመት 120 ቀን ሥራ ብታገኝ፣ ለጀማሪ ይህ መጥፎ ዓመት አይደለም፣ 24 ሺህ ዶላር ይሆናል። የቀሩት ቀኖች ስልክ የሚጠበቅባቸው ናቸው። ሥራው ሲኖር ሌሊት የለ፣ ቅዳሜ የለ፤ ሲጠፋ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በ2023 የጽሑፍ ባለሙያዎች 148 ቀን፣ ተዋንያን 118 ቀን ሥራ ሲያቆሙ፣ መብራት የሚሸከመውም ካሜራ የሚይዘውም ቤቱ ተቀምጧል። አድማው የእሱ አልነበረም፤ የቤት ኪራዩ ግን የእሱ ነበር።

ይህ ሁኔታ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ አንዱ ኤዲተር ይሆናል፣ አንዷ ድምፅ ባለሙያ ትሆናለች፣ አንዱ የማስታወቂያ ኩባንያ ይቀጥረዋል። አብዛኛው ሰው ወደ ጥሩ ገቢ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ልጅዎ እነዚያን የመጀመሪያ ዓመታት በትንሽ ገንዘብ መኖር ትችላለች ወይ የሚለው ነው። መልሱን የሚወስነው ደግሞ የተሰጥኦዋ መጠን ሳይሆን ከትምህርት ቤት ይዛ የምትወጣው ዕዳ ነው።

አንድ በሰፊው የተነገረ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2021 ዎል ስትሪት ጆርናል የመንግሥትን መረጃ ይዞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን የፊልም ማስተርስ ምሩቃን ዕዳ አወጣ። ከፌዴራል መንግሥት የተበደሩት ምሩቃን መካከለኛ ዕዳ 181 ሺህ ዶላር ነበር። ከተመረቁ ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሾቹ በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በታች ያገኙ ነበር። እስቲ ካልኩሌተር አውጥተን እንየው። 181 ሺህ ዶላር በ7 ከመቶ ወለድ በ10 ዓመት ይከፈል ቢባል በወር 2 ሺህ 100 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት 30 ሺህ የሚያገኝ ሰው ከታክስ በፊት በወር የሚገባለት 2 ሺህ 500 ነው። በቀረው 400 ዶላር ኒው ዮርክ ውስጥ ኑሩ ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? እርግጥ እንደ ገቢ መጠን የሚከፈልበት ዕቅድ አለ፤ ወርሃዊውን ያቀልላል፣ ዕዳውን ግን ለዓመታት ያቆየዋል።

ትምህርት ቤቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ከእነዚያ ምሩቃን ውስጥም ጎበዝ የማይሆን የለም ብዬ እገምታለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ለወጣት የፊልም ሠራተኛ ትልቁ ሀብት በትንሽ መኖር መቻሉ ነው። 200 ዶላር የሚከፈልበትን ቀን «እሺ» ለማለት፣ ለጓደኛው ፊልም በነጻ ድምፅ ለመቅረጽ፣ ስክሪፕቱን ለመጻፍ ሦስት ወር አክስቱ ቤት ለመቀመጥ ነጻ መሆኑ ነው። የ2 ሺህ 100 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ ያለበት ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም። የተገኘውን ቋሚ ሥራ ይይዛል፤ ካሜራው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ፊልም ለመሥራት የተወሰደ ብድር ፊልም መሥራትን የሚከለክል ይሆናል።

አሁን ልጃችሁ የሚመልስላችሁን አውቃለሁ። «ኃይሌ ገሪማስ?» ይላል። ወይም «ያሬድ ዘለቀ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አይደል ‹ላምብ›ን በ2015 ካን ያስገባው? ዘረሰናይ ብርሃነ ምሕረትስ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አይደል ‹ድፍረት›ን ለሰንዳንስ ያበቃው?» ይላል። እውነቱን ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዳሉን ልጆቻችን ማወቃቸውም ደስ ይላል። ግን የፕሮፌሰር ኃይሌን ታሪክ ጠጋ ብለን እንየው፤ ከብዙ የኮሌጅ ብሮሹር የበለጠ ያስተምራል።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ወደ አሜሪካ የመጡት በ1967 ነው። መጀመሪያ ቺካጎ ቲያትር ተማሩ፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ፊልም ተማሩ። ዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ነው፤ የዚያ ዘመን ክፍያውም ዛሬ ከሚጠየቀው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። እዚያ ያገኙት ትልቁ ነገር ካሜራና ጓደኞች ይመስለኛል። ቻርልስ በርኔት አብሯቸው ተማረ፤ ‹ቡሽ ማማ› የተባለውን የኃይሌን የተማሪነት ፊልም ካነሱት የካሜራ ባለሙያዎች አንዱ እሱ ነው። በርኔት ራሱ ለመመረቂያ የሠራው ‹ኪለር ኦፍ ሺፕ› ከ10 ሺህ ዶላር በታች ፈጅቶ ዛሬ ከታላላቅ የአሜሪካ ፊልሞች ጋር ይቆጠራል። ኃይሌም ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›ን ኢትዮጵያ ሄደው የቀረጹት ገና ተማሪ ሳሉ ነው።

ከዚያስ? ከ1975 ጀምሮ እዚሁ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። ‹ሳንኮፋ›ን አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሏቸው ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ አሳዩት። ከሃዋርድ ፊት ለፊት ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለውን የሳንኮፋን መጻሕፍት ቤት የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም። በ2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመውን ‹ጤዛ›ን ለመሥራት 14 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። 14 ዓመት! እኔ እንደሚገባኝ እነዚያን ዓመታት ቤቱን ያቆመው የመምህርነቱ ደመወዝ ነው። በከባድ ዕዳ የተጀመረ ኑሮ ግን 14 ዓመት አይጠብቅም። ልጅዎ የኃይሌን መንገድ ልከተል ካለች መንገዱ ይኸው ነው፤ በርካሽ መማር፣ የሚያበላ ሥራ ከጎን መያዝ፣ ፊልሙን በራስ ጊዜ መሥራት።

ወደ እናታችን ሁለት ደብዳቤዎች እንመለስ። ካሊፎርኒያ ያሉትን የመሰሉ ስመ ጥር የግል ፊልም ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ ብቻ በዓመት 70 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። መኝታ፣ ምግብና የአውሮፕላን ቲኬት ሲጨመር 95 ሺህ ይደርሳል፤ በአራት ዓመት 380 ሺህ። ይህን ዋጋ ሙሉውን የሚከፍለው ሀብታሙ ብቻ ስለሆነ ወዲያው አትደንግጡ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» የሚባል ማስያ እንዲያስቀምጥ በሕግ ይገደዳል። ገቢያችሁን አስገብታችሁ የእናንተን ዋጋ ታዩበታላችሁ። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ደግሞ እርዳታው በዝርዝር ይጻፋል። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ግለጡ፤ ብዙ ደብዳቤዎች ስጦታውንና ብድሩን አንድ ላይ ደምረው «የገንዘብ እርዳታ» ይሉታል። ግራንትና ስኮላርሺፕ ስጦታ ነው። ሎን ዕዳ ነው። በእስክሪብቶ ለዩት።

ትምህርት ቤቱ በዓመት 40 ሺህ ስጦታ ሰጣት እንበል፤ ጥሩ ስጦታ ነው። ቢሆንም በዓመት 55 ሺህ፣ በአራት ዓመት 220 ሺህ ይቀራል። ተማሪዋ በራሷ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የምትችለው በመጀመሪያው ዓመት 5 ሺህ 500፣ በአራቱ ዓመት ተደምሮ 27 ሺህ ብቻ ነው። ይህ በወር 300 ዶላር ገደማ የሚከፈልበት ዕዳ ነው፤ ከባድ ቢሆንም ሰው አይሰብርም። የቀረውን ማን ይከፍላል? ወላጅ ነዋ።

ለወላጅ «ፓረንት ፕላስ» የሚባል የፌዴራል ብድር አለ። ወለዱ ባለፉት ሁለት ዓመታት 9 ከመቶ አካባቢ ነበር፤ ገና ሲሰጥ ደግሞ ከ4 ከመቶ በላይ ይቆረጥበታል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ መውሰድ አይችልም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ገደብ ተናዷል። እኔ ግን ለቤተሰቦቻችን ጥበቃ ሆኖ ነው የታየኝ። 65 ሺህው ራሱ በ9 ከመቶ በ10 ዓመት ሲከፈል በወር 823 ዶላር ነው፤ ሲጠናቀቅ ወደ 99 ሺህ ይጠጋል። ብድሩ በወላጅ ስም ነው፤ ልጅቷ ሥራ ስትይዝ ወደ እሷ አይዛወርም። አባትየው 52 ዓመታቸው ከሆነ ከምረቃዋ በኋላ እስከ ጡረታ ድረስ ኡበር ሲነዱ ይከፍሉታል ማለት ነው።

ከዚያም ያለፈው ክፍተት በግል ባንክ ብድር ይሞላል፤ ባንኩም «ኮሳይነር» ይጠይቃል። ይህን ቃል ሰምተን «ፊርማ ብቻ ነው» የምንል ብዙ ነን። እሱ በአማርኛ ዋስ ማለት ነው። ልጅቷ አንድ ወር ባትከፍል ባንኩ የሚደውለው ለእናንተ ነው፤ የሚበላሸውም የእናንተ ክሬዲት ነው። አጎት፣ የክርስትና አባት፣ የማኅበር ጓደኛ ለዚህ ፈርሙ ሲባሉ ይሉኝታ ይዟቸው ይፈርማሉ። እባካችሁ አታስፈርሟቸው።

ስለ መኖሪያ ፈቃድም አንድ ቃል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ተማሪ ፋፍሳ ሞልቶ የፌዴራል እርዳታ ያገኛል። ጊዜያዊ ጥበቃ፣ ማለትም ቲፒኤስ ብቻ ያለው አያገኝም። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ተወላጅ፣ አንዱ ቲፒኤስ የሆነበት ቤተሰብ አለና ሒሳቡን ለየብቻ ሥሩ።

ሁለተኛው ደብዳቤስ? የሜሪላንድ ነዋሪ በስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚከፍለው በዓመት 12 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ከቤት ከተመላለሰች በአራት ዓመት 48 ሺህ፤ ክፍያ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚጨምር 50 ሺህ በሉት። ሁለቱን ዓመት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ብትጀምር ደግሞ፣ ለካውንቲው ነዋሪ በዓመት 5 ሺህ ገደማ ስለሆነ፣ ጠቅላላው ወደ 34 ሺህ ይወርዳል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ኖቫ ጀምሮ ጆርጅ ሜሰን መጨረስ የሚያስችል የተዘረጋ መንገድ አላችሁ፤ ጆርጅ ሜሰን የፊልምና የቪዲዮ ዲግሪ አለው።

ግን ስም አያታልላችሁ። «ፊልም» የሚለው ቃል በየዩኒቨርሲቲው ሌላ ሌላ ነገር ነው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሲኒማ ትምህርት በአብዛኛው ፊልም ማየት፣ መተንተንና ስለ ፊልም መጻፍ ነው። ታውሰን ያለው ደግሞ ካሜራ አስይዞ ያሠራል። ሁለቱም ክቡር ናቸው፤ ካሜራ ልትይዝ ሄዳ ድርሰት ስትጽፍ አራት ዓመት የምታሳልፍ ልጅ ግን አትደሰትም። የኮርሶቹን ዝርዝር አውጥታችሁ በየዓመቱ ስንት ጊዜ ራሷ ፊልም እንደምትሠራ ቁጠሩ።

በዚህ ምርጫ የሚተርፈውን ገንዘብ ደግሞ ለሙያው አውሉት። የዋጋውን ልዩነት አስቡት። ከ220 ሺህ ውስጥ 10 ሺህው ብቻ ጥሩ ካሜራ፣ ሌንስ፣ የድምፅ መቅጃና ኤዲት የሚደረግበት ኮምፒውተር ይገዛል። አንድ ክረምት አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ብትከርም፣ ጎንደር ወይም ሐረር ሄዳ አንድ አጭር ፊልም ብትቀርጽ፣ ሎስ አንጀለስ ካሉት የክፍል ጓደኞቿ አንዱም የማይኖረውን ነገር ይዛ ትመለሳለች። አማርኛዋን አሻሽሉላት። ሁለት ቋንቋ የምትሰማ የፊልም ሠራተኛ ሁለት ገበያ አላት።

ውድ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የታወቁት ትምህርት ቤቶች የሚሸጡት ሰው ነው፤ ዛሬ አብራህ መብራት የምታቆም ልጅ የዛሬ አሥር ዓመት ትቀጥርሃለች። በሙሉ ስኮላርሺፕ፣ ወይም ከስቴት ዩኒቨርሲቲው ጋር በተቀራረበ ዋጋ ከተገኘ ዓይኔን ሳላሽ «ሂጂ» እላታለሁ። ልጄ ብትሆንም እላታለሁ። የማስተርስ ዲግሪም የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ኮሌጅ ለማስተማር በዘርፉ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከጁላይ 2026 ወዲህ ለሚጀምሩ ግን የፌዴራል ብድሩ በዓመት 20 ሺህ 500፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ፕሮግራም ወደ ግል ባንክ ይልካችኋል፤ እዚያ ላይ ቁሙ። ቀረጻ ቦታ ላይ ዲፕሎማ አሳይ የሚል ሰው እንደሌለም አስታውሱ። የሚታየው ሥራ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሰዓት አክባሪነት።

ትምህርት ቤቱን ለመጎብኘት ስትሄዱ አስጎብኚው ታዋቂ ምሩቃንን ይጠራል። አዳምጡና ስለ ባለፈው ዓመት ምሩቃን ጠይቁ፤ የት ናቸው፣ ምን እየሠሩ ነው? የመመረቂያ ፊልሙን ወጪ ማን ይሸፍናል? ብዙ ቦታ ተማሪው ከኪሱ ነው፤ ከክፍያው በላይ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። የፊልሙ ባለቤትስ ማን ነው፣ ተማሪው ወይስ ትምህርት ቤቱ? መልሱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። የትምህርት ሚኒስቴሩ «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የተባለ ድረ ገጽም በየኮሌጁና በየትምህርት ዓይነቱ ምሩቃን ምን ያህል ዕዳ እንዳለባቸውና ምን እንደሚያገኙ ያሳያል። በነጻ ነው። አንድ ምሽት ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት።

ልጅቷንም ምን ዓይነት የፊልም ሥራ እንደምትወድ ጠይቋት። አብዛኞቹ «ዳይሬክተር» ይላሉ፤ በአንድ ፊልም ላይ ዳይሬክተር አንድ ነው። ድምፅ የሚቀርጽ፣ ኤዲት የሚያደርግ፣ የፊልሙን ሒሳብ የሚይዝ ሰው ግን ሁልጊዜ ይፈለጋል። የፊልም ሒሳብ ሠራተኛ የሚባል ሙያ እንዳለ ለአባትየው ንገሯቸው፤ ፊታቸው ይፈታል። ደግሞ ሰርጋችንን አትናቁ። ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ክርስትናው ሁሉ በቪዲዮ ይነሳል፤ ጎበዝ ቪዲዮ አንሺ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ሠርቶ ሰኞን ለራሱ ስክሪፕት ማዋል ይችላል። እንዲህ ኑሯቸውን የሚመሩ ወጣቶች በመካከላችን አሉ። ከፌስቲቫል ሽልማት ይልቅ ኪራይ የሚከፍለው ይህ ነው፤ ብርሃንና ድምፅ መያዝም በደንብ ያስተምራል። አባወራው ኬክ ሲቆርስ ደግሞ ቅረጸኝ ብሎ የማይጠብቅ ጉዳይ ስለሆነ ፍጥነትም ያስተምራል። የጤና ኢንሹራንሱን በተመለከተ እስከ 26 ዓመቷ በእናንተ ላይ መቆየት ትችላለች፤ ይህ ቀላል እርዳታ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ለሚጽፉልኝም ባጭሩ ልመልስ። ልጃችሁን ለፊልም ወደ አሜሪካ ለመላክ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ እንደምትችሉ በባንክ ማስረጃ ማሳየት አለባችሁ። ከጁላይ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያ ወጪ በብር ሲታሰብ በእጥፍና ከዚያም በላይ ጨምሯል። ከምረቃ በኋላ በተማሪ ቪዛ መሥራት የሚፈቀደው በአብዛኛው ለ12 ወር ነው፤ በቀን ክፍያ በሚጀመር ሙያ ውስጥ 12 ወር አጭር ነው። በእኔ ግምት ሙሉ ስኮላርሺፕ ካልተገኘ በስተቀር እዚያው ጀምሮ፣ ቴሌቪዥን ድራማ ወይም ማስታወቂያ ላይ ሠርቶ፣ የሚያሳየው ፊልም በእጁ ይዞ በኋላ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ ማመልከት ይበልጣል።

እናቴ፣ አሁን ወደ እርስዎ። ይህን ለልጅዎ ሲነግሯት «አትማሪም» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ አደራ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ፤ አባቷም ይቀመጡ። በአንድ ወረቀት ላይ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ምን ያህል ዕዳ፣ በማን ስም፣ በወር ስንት እንደሚሆን እሷ ራሷ ትጻፈው። በሌላው ላይ ደግሞ 24 ሺህ ዶላር የምታገኝበትን ዓመት ወርሃዊ ወጪ ትጻፍ። ቁጥሩን በራሷ እጅ ስትጽፈው ክርክሩ ከአባቷ ጋር መሆኑ ይቀራል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። የግል ዩኒቨርሲቲው የሰጠው እርዳታ የመጨረሻ አይደለም። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው የይግባኝ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ካለፈው ታክስ ወዲህ ገቢያችሁ ቀንሶ ከሆነ፣ የሕክምና ወጪ ካለባችሁ፣ አገር ቤት የምትረዷቸው ወላጆች ካሉ ማስረጃውን አያይዛችሁ ላኩ። ሌላ ትምህርት ቤት የተሻለ ሰጥቶ ከሆነም ያንን ደብዳቤ ጨምሩበት። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ልጅቷ ትጻፈው፣ እናንተ ፈርሙ። አብዛኞቹ ኮሌጆች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይሂድ። መልሱ ሲመጣ ይጻፉልኝ።